ጎበዝ የሚሰብረው የገና ዱላ

ከአባይ ወዲህ እንደኔ የገና ዱላ የቆለመመ ሰው አልተወለደም፤ ወደፊትም የሚወለድ አይመስለኝም፤ እናቶች ደክመዋል። በልጅነቴ ሞጣ ላይ በያዝሁት ዱላ ሩሯን፣ ያችን የገና ኳስ፣ አንዴ ካቀመስኋት ቢቸና ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ ያሳልፋት ነበር። ይህንን ለሚስቴ የነገርኋት ገና ሳንጋባ ነው። ለልጆቼ ነግሬያለሁ፤ ለቀበሌ ስብሰባ ነግሬያለሁ፤ ለቅሶ ቤት ነግሬያለሁ፤ ለአንድ የጥርስ ሐኪም ሳይቀር አፌን ከፍቶ በያዘበት ሰዓት ነግሬዋለሁ። ማንም ማስረጃ አምጣ ብሎኝ አያውቅም። ማስረጃ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ የልጄ ልጅ ሶስና ናት።

ነገሩ የመጣው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። የሶስና መምህርት ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ቢቸናን ከኛ የበለጠ ስለምትወዳት አንዳንዴ ታናድደኛለች። ወረቀቱ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ፣ ከእንጨትም ከሣርም ከጭቃም፣ ለገና የሚሆን አንድ ነገር በእጁ ሠርቶ ዓርብ ይዞ ይምጣ ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ "ፕላስቲክ አይፈቀድም" ተብሎ ተሰምሮበታል። ወረቀቱ እጄ የገባው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው።

"መምህርቷ ስታነበው እጄን አወጣሁ" አለችኝ ሶስና። "የኔ አያት የገና ዱላ ይቆለምማል፤ በዓለም አንደኛ ነው አልኋቸው።"

"ጥሩ ነዋ። እነሱስ ምን አሉ?"

"አቤኔዘር 'አባቴ አያትሽ ጉረኛ ነው ይላል' አለኝ።"

"አባቱ ማነው?"

"እኔ እንጃ። ዓርብ ታየዋለህ አልሁት።" ትንሽ አሰበችና፣ "ዱላውን ካላመጣሁ ግን አንተ ሳትሆን እኔ ነኝ ውሸታም የምባለው" አለች።

ባለቤቴ የሻረግ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖሯል። "እሰይ፣ እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይችን ዓርብ ስጠብቅ ነው የኖርሁት" አለች።

የገና ዱላ ወይራ ይወዳል። ዛሬ ወይራ ከየት ይምጣ? ቢቸና ዙሪያውን ባህር ዛፍ ነው። ኮረብታው ባህር ዛፍ፣ አጥሩ ባህር ዛፍ፣ እኔም ጠዋት ስነሣ እግሬ ሥር ሰድዶ እንደሆነ አየዋለሁ። ወይራ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው፤ ከዚያ የቆረጠ ደግሞ እጁን እንጂ ዱላውን አያጎብጥም ይባላል። ዋናው መንገድ ላይ ብትወጡ ያለው ሌላ ጉድ ነው። በየሆቴሉ በር እንደ ጃንጥላ ተጣጥፎ የሚዘረጋ የፕላስቲክ ጥድ ቆሟል፤ ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ ተበትኖበታል። በረዶ ነው አሉ። አንዱን አሳላፊ "ይሄ በረዶ መቼ ጣለ?" ብለው "ጋሼ፣ ዲኮር ነው" አለኝ። የተናደደ ሰው ዲኮር በሚባል ነገር አይጽናናም፤ ማክሰኞ ጠዋት ከአጥሬ አንድ ባህር ዛፍ ቆርጬ ሥራ ጀመርሁ።

ሶስናና የአራት ዓመቱ ወንድሟ ናሆም ግራና ቀኝ በርጩማ ይዘው ተቀመጡ። የባህር ዛፉን ጫፍ በፍም አሙቄ አጎበጥሁት። እንዲህ ያለ ቅርጽ አይታችሁ አታውቁም፤ የጳጳስ መቋሚያ ይመስል ነበር። በናይለን ገመድ ጠፍሬ አሰርሁትና እንዲደርቅ ከፍሙ አጠገብ አቆምሁት። እሳት ዳር ያለ ናይለን ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ጨረሰልኝ ማለት ነው። ገመዱ ቀለጠ፤ ዱላው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለና አገጬን አለኝ። ናሆም በሳቅ ከበርጩማው ወደቀ። ከመሬት ሆኖ "አባባ፣ ድገመው" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ የድሮ አጥር ውስጥ የቆየ የወይራ ችካል አገኘሁ። ደረቅ ነው፤ ደረቅ እንጨት እንደማይጎብጥ ማንም ያውቃል፤ እኔ ግን ማንም አይደለሁም ብዬ በጉልበቴ ተጫንሁት። ቋ ብሎ የተሰበረ ጊዜ የሻረግ ከውስጥ "እንጨቱ ነው ወይስ አጥንትህ?" አለችኝ። እንጨቱ ነው አልኋት። "አይ፣ አጥንት ቢሆን ይጠገናል ብዬ ነው" አለች።

ረቡዕ ዕለት ጎረቤታችን ጡረተኛው መቶ አለቃ ዘንድ ሄድሁ። ጓሯቸው ውስጥ አንድ ወይራ አለቻቸው፤ በእጃቸው የተከሏት ናት። ስለ ደን መራቆት አንድ ሰዓት ካስተማሩኝ በኋላ ሁለት እርጥብ ቅርንጫፍ ቆረጡልኝ። "ሁለት ብቻ" አሉኝ፤ "ሦስተኛ ብትለምነኝ ሰላምታም ይቆማል።" እየፎከርሁ ተመለስሁ። አንደኛውን ፍም ላይ አጋደምሁት። ያን ጊዜ ሽታው መጣ።

እርጥብ ወይራ በፍም ሲሞቅ መጀመሪያ ጫፉ ላይ አረፋ ያወጣና ጭስ ሳይኖረው ይሸታል። መራራ ነው፤ ግን ከመራራው በስተኋላ የሚጣፍጥ ነገር አለው። ያ ሽታ አንጠልጥሎ ወስዶ ሞጣ ጣለኝ፤ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ማዕዘን ላይ፣ ካኪ ቁምጣዬ ከኋላው በሁለት ክብ እራፊ እንደተጣፈ። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ለሴቶች አበባ ያለው ጨርቅ በየመደርደሪያው ሞልቷል። ሜትሩን ሲለኩ ጨርቁን ከአፍንጫቸው እስከ ክንዳቸው ዘርግተው መጨረሻ ላይ አንድ ስንዝር የሚመርቁ ሰው። ካኪው ሜትሩ ሁለት ብር ከስሙኒ ነበር መሰለኝ፤ ከረሜላ በአምስት ሳንቲም ሁለት ይሰጡና ሦስተኛውን "ይሄ ለወሬ ነው" ይሉናል። ደጃፋቸው ላይ ራዲዮ ሲዘፍን ይውላል፤ ዘፈኑ ለፍቅረኛው የሚለማመጥ ሰው ነው፣ እኛ ግን ግጥሙን ለገና ጨዋታ እየለወጥን የታች ሰፈርን ልጆች እንሰድብበታለን። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ግጥሚያ ታኅሣሥ ሲገባ ነው የሚጀምረው። የሐጂ ልጆች የኛ ቡድን ነበሩ፤ በዓሉ የኛ፣ ጨዋታው የሁላችን። ሩሯን የምንለጉማት ቁራጭ ቆዳ ከሐጂ ሱቅ ጓዳ ነው የሚገኘው። አሁን ያ ማዕዘን ላይ የስልክ ካርድና የስልክ ልባስ የሚሸጥ ቆርቆሮ ቤት ቆሟል። ባለፈው ሳልፍ ቆሜ አየሁትና ልጁ "ምን ልስጥዎት?" አለኝ። ምን ይሰጠኛል?

የዚያ ዘመን ዱላ ከቤታችን ጓሮ ነበር የሚወጣው። ከሽንብራ ክምሩ ጀርባ፣ ከኮክ ዛፋችን ሥር። ኮኩ ከጉልበት ከፍ ብሎ ለሁለት የሚከፈል ባላ ነበረው። እህቴ ጥሩወርቅ፣ እታለም እላታለሁ፣ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እሷም እዚያ አትጠፋም። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ዱላው ይሞቃል፣ ይጎብጣል፣ ይታሰራል፤ የገና ዕለት እጄ ይገባል፤ እኔም ሜዳ ስወርድ ሰፈሩ ሁሉ "የደምሴ ዱላ መጣ" ይላል። ቀይ ሆኖ ቅቤ የጠጣ፣ አንገቱ እንደ ፈረስ አንገት የተመለሰ ነው። የታች ሰፈር ልጆች ሊገዙት ፈልገው ነበር፤ ሦስት ስሙኒና አንድ እርግብ ድረስ ደርሰዋል።

"አባባ፣ እየተቃጠለ ነው" አለችኝ ሶስና።

ተቃጥሏል። ከሞጣ ስመለስ ጫፉ ከሰል ሆኗል። ከሰሉን ቆርጬ በቀረው ላይ ጉልበቴን አሳየሁት። እኔ መቼም ጉልበት አላነሰኝም፤ በጎረምሳነቴ በሬ በቀንዱ ይዤ አቅጣጫ አሳይ ነበር። ወይራው ከመካከሉ እንደ ሰንበሌጥ ተሰንጥቆ ለሁለት ሄደ። ቀና ብዬ ሳይ ሶስና አታለቅስም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። የቀረውን አንድ ቅርንጫፍ ጭኗ ላይ አስተኝታ ይዛዋለች፤ ከኔ ልታስጥለው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ ጌታ ባይቆጣ የልጅ ልጅ ትቆጣለች።

"አባባ፣ እውነት ትችላለህ?"

"እንዴታ። ረስቼው እንጂ። ቆይ፣ አንድ ሰው ልጠይቅ።"

ሞጣ መሄድ ድሮ ቀላል ነበር፤ ዘንድሮ መንገዱ እንደ አኩራፊ ሰው አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ስልኩም እንደ መንገዱ ነው። እጄ አመድ ስለሆነ ስልኩን ሶስና ያዘችልኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ።

"ሃሎ፣ ማን ሞተ?" አለች ጥሩወርቅ። ስልክ የምታነሣው እንዲህ ነው፤ ጊዜው አስለምዷት።

"ማንም አልሞተም እታለም። እንዲያው የድሮ ጨዋታ አንሥተን... ያን የገና ዱላ እንዴት ነበር የምንቆለምመው?"

"የምንቆለምመው?"

ኔትወርኩ ተቋርጦ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

"ደምሴ፣ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ዱላ የቆለመምኸው? በር ላይ ቆመህ እማዬ እንዳትመጣ ትጠብቅልኝ ነበር እንጂ። እሱንም አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶህ አስገረፍኸኝ።"

"ድምፁን ቀንሽው" አልኋት ሶስናን በሹክሹክታ።

"የቱ ጋ ነው የሚቀነሰው?" አለችኝ፤ ስልኩን ከኔ በላይ የምታውቅ ልጅ።

ጥሩወርቅ ቀጠለች። "አሁንማ ለማን ነው? ልጆቹ ይሰማሉ? ማናት፣ ሶስና? ስሚኝ የኔ ልጅ፤ ዱላ በጉልበት አይቆለመምም። ጎበዝ ይሰብረዋል። እናንተ ጓሮ ባላ ያለው ዛፍ አለ?"

"ዘይቱን አለ" አለች ሶስና።

"ደግ። ልጣጩ ሳይላጥ አሙቁት፤ እያገላበጣችሁ፤ ፍም ላይ እንጂ ነበልባል ላይ አይደለም። ጫፉ አረፋ ሲያወጣ አንሥታችሁ ባላው ውስጥ ክተቱት። ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ ተንጠልጠሉበት። ሲጎብጥ ተዉት፤ መልሳችሁ አሙቁት፤ ደግሞ ተንጠልጠሉ። ሦስቴም አራቴም። ክብደታችሁ ልኩ ነው። ማሰሪያው ልጥ ይሁን፤ ልጥ ሲደርቅ ይጠብቃል። ደምሴ፣ ሰማኸኝ? አንተ እጅህን አንሣ።"

"እኔስ ምን ልሥራ?"

"በር ጠብቅ። እሱን ትችላለህ።"

ከዚያ "እስከ ጥምቀት እንዳትፈቱት፤ ቶሎ የተፈታ ዱላ አገሩን ያስታውሳል፤ መልሶ ቀጥ ይላል" አለችና ስልኩ ተቋረጠ። ሶስና እኔን አላየችኝም። ወንድሟን "ና" ብላ እርጥቡን ወይራ ይዛ ተነሣች።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለት ልጆች፣ አንዷ ጥርሷ የወለቀ፣ አንዱ ሱሪው የሚወልቅ፣ በአንድ የወይራ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥተው ተንጠልጥለዋል። እንጨቱ ዝቅ አለ፤ እንደ ሰው፣ በገዛ ፈቃዱ። እኔ ሦስት እንጨት ያበላሸሁበት ነገር በናሆም ክብደት ሆነ። መልሰው አሞቁት፣ ደግሞ ተንጠለጠሉ፤ ናሆም "ጅዋጅዌ ነው" እያለ ይዘፍናል። ልጡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልጡን ማምጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ መቶ አለቃውን እንደገና መለመን ነበረብኝ። ሶስና በልጡ ጫፉንና አንገቱን ጠፍራ አሰረችው፤ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀች፤ ባልወለቁት። ማታ ከምድጃው በላይ ሰቀልነው።

ልጆቹ ሲንጠለጠሉ እኔ በር ላይ ቆሜ የማስታውሰው የጥሩወርቅን ጉልበት ነበር። በፍም የተለበለበ፣ አቧራ የጠጣ። ሴት ልጅ ዱላ ስትቆለምም ከታየች ባል ትጣ ትል ነበር እናታችን፤ በልምጭም ታጠናክረዋለች። ሜዳ ላይ ወርዳ መጫወትማ የማይታሰብ ነው። እና ጥሩወርቅ ዱላውን ጨርሳ በእጄ ስታስይዘኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኝ ነበር፤ "ሰው ከጠየቀህ አንተ ነህ የሠራኸው። እኔ አልናገርብህም።" እኔም ቃሏን አከበርሁ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ወንድም ነበርሁ። አርባ ዓመት ሙሉ።

ዓርብ ደረሰ። የመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ በሰንበሌጥ ኮከብ፣ በጭቃ በግ፣ በቄጠማ አክሊል ተሞልቷል። አንዱ ከማሽላ አገዳ ግርግም ሠርቷል፤ አንዷ ከቆሎ ጨሌ ሰክታለች፤ ግማሹን በልታው ነበር። ወላጆች ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጉልበታችን ከጆሯችን ጋር ተገናኝቷል። ሶስና ተጠራች። ያልተፈታውን ዱላ እንደ ታሰረ፣ ጥቀርሻው እንዳለ፣ በሁለት እጇ አቀፈችና ወጣች።

"ይሄ የገና ዱላ ነው" አለች። "እስከ ጥምቀት አይፈታም። ቶሎ ከተፈታ አገሩን ያስታውሳል።"

መምህርቷ ደስ አላት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "እንዴት ያምራል። ማን ነው የቆለመመው?"

ሶስና አፏን ከፈተች። እኔ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አፏ ተከፍቶ ነበር። ግን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ የለቅሶ ቤቱም፣ የቀበሌ ስብሰባውም ሰው፣ ዞሮ እኔን አየኝ፤ አንዱም "ያው ጋሽ ደምሴ ነዋ" አለ።

"እኔ ነኝ" አልሁ።

ጭብጨባው ሳያልቅ አንድ ሰውዬ ከኋላ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። የአቤኔዘር አባት ነው። "ጋሽ ደምሴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ጉራ እየመሰለኝ ልጄ ፊት አምቼዎት ነበር" አለኝ። "ግድ የለም" አልሁት። ደግ ሰው ነኝ፤ ይቅር አልሁት። ሶስና የጫማዋን ክር ታይ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ዱላውን ልያዝልሽ አልኋት፣ እምቢ አለች። በገበያው መንገድ ሄድን፤ የፕላስቲኩ ጥድ ካለበት ሆቴል ደጃፍ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ብትቆጣኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አስቂኝ መልስ ነው።

"አባባ፣ ግድ የለም" አለችኝ። "ሰው ከጠየቀኝ አንተ ነህ የሠራኸው እላለሁ። አልናገርብህም።"

ይህንን ከማንም አልሰማችውም፤ ጥሩወርቅ በስልኩ አላለችውም፤ እኔም አልነገርኋት። ያን አስቂኝ መልስ እንደያዝሁት ቤት ገባሁ።

ለጥምቀት ልጡ ተፈታ፤ ዱላው አገሩን አላስታወሰም። የሞጣውን ቁርጥ ነው፤ አንገቱ እንደ ፈረስ። ጥሩወርቅ በዚያው ሰሞን ደውላ "እንዴት ሆነላችሁ? መምህርቷስ ማን ሠራው አለች?" ስትለኝ "አይሰማኝም፣ ኔትወርክ የለም" ብዬ ዘጋሁባት። ኔትወርክ ነበር።

ትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀት ሰጥቷል። ባለ ወርቅ ጠርዝ ነው፤ "በእጅ ሥራ ጥበባቸው" ይላል፤ ስሙ የኔ ነው። ሳሎን ውስጥ ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። የሻረግ አልሰቀለችውም፤ ልጆቹም አልሰቀሉትም። እኔ ነኝ የሰቀልሁት፤ እስከ ዛሬም አላወረድሁትም።